ጉሽ ሶፍትዌር፦ የሙከራ ቨርዥን ለማን፣ መቼና እንዴት ይሰጣል?

መግቢያ

«የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ ሶፍትዌር ምን አገባት?» ብላችሁ ገጹን ከመግለጣችሁ በፊት ትንሽ ታገሡኝ። ወደዚህ ጉዳይ የገባሁት ፈልጌ አይደለም፤ በራሴ ጥፋት ነው።

አምና የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ባለ አሥራ ሁለት ገጽ የተማሪዎች ጋዜጣ የማዘጋጀት ኃላፊነት ወስጄ ነበር። የምንጽፍበት ፕሮግራም አዲስ ቨርዥን ሊወጣ መሆኑን፣ «ቤታ» የሚባለው ደግሞ ከወዲሁ እንደሚገኝ ሰማሁ። አዲስ ነገር ማን ይጠላል? አወረድኩና ነባሩን ከላፕቶፔ አጥፍቼ ቤታውን ጫንኩ። ሲከፈት አንድ ማስጠንቀቂያ ብቅ አለ፤ ሳላነብ «እሺ» የሚለውን ተጫንኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ያለ ችግር ሠራሁበት። ልናትም አንድ ቀን ሲቀረን ፋይሉን በፍላሽ ይዤ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄድኩ። እዚያ ያለው ነባሩ ቨርዥን ነው። ፋይሉስ ተከፈተ፤ ግን ዓምዶቹ ተደበላልቀው፣ አራት ነጥቦቹ ከዓረፍተ ነገራቸው ተነጥለው በየመስመሩ መጀመሪያ ላይ ተሰልፈው፣ የርዕሶቹ ግማሽ ፊደል ባዶ ሳጥን ሆኖ! ሌሊቱን ከሁለት ጓደኞቼ ጋር እንደ አዲስ ስንተይብ አደርን።

በማግሥቱ የኮምፒዩተር ላብ ኃላፊውን አገኘኋቸውና እየተማረርኩ ነገርኳቸው።

«ጋሼ፣ እንዲህ ያለ የተበላሸ ነገር ለምን ለሰው ይሰጣሉ?»

«የተበላሸ አይደለም፣ ልጄ፤ ጉሽ ነው» አሉኝ። «ጉሽ ጠላ የጠጣ ሰው ሆዴን ነፋኝ ብሎ ጠማቂዋን ይከሳል እንዴ? ጉሽ መሆኑ ተነግሮሽ ነበር፤ አላነበብሽም።» ቀጥለውም ያልጠበቅሁትን ጠየቁኝ፤ «ለመሆኑ አራት ነጥቡ እንደሚበታተን ለሠሪዎቹ ነግረሻቸዋል?»

አልነገርኩም። እንኳን ልነግር፣ ሊነገር እንደሚችልም አላውቅም ነበር። ይህ ጽሑፍ ከዚያች ጥያቄ የመጣ ነው።

ጥንስስ፣ ድፍድፍ፣ ጉሽ

ለመሆኑ የሙከራ ቨርዥን ስንል ምን ማለታችን ነው? አንድ ሶፍትዌር ተጠናቆ «ይኸው፣ ተጠቀሙበት» እስኪባል ድረስ ብዙ ደረጃ ያልፋል። ከደረጃዎቹ ሦስቱ በስም ይታወቃሉ፤ አልፋ፣ ቤታና አርሲ ይባላሉ። ጠላ ሲጠመቅ እያየ ላደገ የጎጃም ልጅ ይህን ማስረዳት ቀላል ነው።

አልፋ ጥንስሱ ነው። ጌሾውና ብቅሉ ከውሃው ጋር ተገናኝተዋል፤ ምን እንደሚወጣው ጠማቂዋ ታውቃለች፤ የሚጠጣ ነገር ግን ገና የለም። በአልፋ ደረጃ አዳዲስ ነገሮች ይጨመራሉ፣ ይቀነሳሉ፤ ዛሬ የሠራው ነገ ላይሠራ ይችላል። ቤታ ድፍድፉ ነው። የሚገባው በአብዛኛው ገብቷል፤ ከዚህ በኋላ ዋናው ሥራ አዲስ ነገር መጨመር ሳይሆን እንከን መፈለግ ነው። አርሲ ደግሞ «ለመውጣት እጩ» እንደማለት ነው፤ ውሃ ተጨምሮበት ለመጥራት የተቃረበው ጉሽ እርሱ ነው። ከባድ እንከን ካልተገኘበት ያው ራሱ ጠላ ይሆናል። ከተገኘበት ተስተካክሎ አርሲ ሁለት፣ አርሲ ሦስት እየተባለ ይቀጥላል። ከእነዚህ ሌላ ስናፕሾት የሚባል አለ። ይህ ስምም ደረጃም ሳይወጣለት፣ ሠሪዎቹ በዚያ ቀን የደረሱበት ሥራ እንዳለ ተቀድቶ የሚወሰድበት ነው።

የላብ ኃላፊው ሁሉንም በጅምላ «ጉሽ» ይሏቸዋል፤ እኔም ከዚህ በኋላ እንደሳቸው እላለሁ። ቁም ነገሩ ይህ ነው፦ ጉሽ መጥፎ ጠላ አይደለም። ጉሽ የሚወዱ አሉ፤ ጎረቤት ጠርቶ «እስቲ ቅመሱልኝ» ማለትም ያለ ነው። ነውሩ ጉሹን ጠላ ነው ብሎ ለሠርገኛ ማቅረብ ነው።

በደራሲና በአንባቢ መካከል

ዊንዶውስ የሚጠቀም ሰው ብዙውን ጊዜ ፕሮግራሙን በቀጥታ ከሠሪው ያመጣል። በሊኑክስ ዓለም ግን በመሃል ሌላ ሰው አለ። ዴቢያን፣ ፌዶራ፣ ኡቡንቱ የሚባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች እያንዳንዳቸው በሺህ የሚቆጠሩ ፕሮግራሞችን በአንድ ላይ አሰናድተው ያቀርባሉ። እያንዳንዱ ፕሮግራም የሚቀርበው «ፓኬጅ» በሚባል ጥቅል ነው። ያን ጥቅል የሚያሰናዳው፣ ከሌሎቹ ጋር መስማማቱን የሚያረጋግጠው፣ የተጠቃሚውን አቤቱታ የሚቀበለው ሰው የፓኬጁ አዘጋጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 በተመሠረተው በዴቢያን ውስጥ ይህን ሥራ በዋናነት የሚሠሩት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ የዕለት እንጀራቸው ሌላ ቦታ ነው።

ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች «አዘጋጅ» የሚለው ቃል እንግዳ አይደለም። ደራሲው ጽሑፉን ይጽፋል፤ አዘጋጁ ለገጹ ያበቃዋል። አዘጋጅ የደራሲውን ሐሳብ አይለውጥም፤ ግን በሥሩ የወጣ ጽሑፍ ቢያሳስት መጀመሪያ የሚጠየቀው እርሱ ነው። የፓኬጅ አዘጋጅም እንዲሁ ነው። ደራሲው «ቤታ አውጥቻለሁ» ሲል አዘጋጁ ፊት ሦስት ጥያቄ ይደቀናል። ልውሰደው ወይስ ጠላው እስኪጠራ ልጠብቅ? ከወሰድኩትስ ለማን ልስጠው? ምን ብዬስ ልሰይመው?

ሁለት የማስጠንቀቂያ ታሪኮች

የመጀመሪያው የሆነው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። ሬድ ሃት በዚያ ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ሬድ ሃት ሊኑክስ 7ን አወጣ። በውስጡም ጂሲሲ የሚባለው ኮምፓይለር ነበረበት። ኮምፓይለር ማለት ፕሮግራመሩ የጻፈውን ኮድ ኮምፒዩተሩ ወደሚሠራበት ቋንቋ የሚለውጥ ፕሮግራም ነው፤ ሌሎች ፕሮግራሞች የሚወለዱት በእርሱ ነው። የጂሲሲ ደራሲዎች እስከዚያ ጊዜ ያወጡት ይፋ ቨርዥን የ2.95 ተከታታይ ነበር። ሬድ ሃት ገና በሥራ ላይ ካለው ኮድ ስናፕሾት ወስዶ 2.96 የሚል ቁጥር ሰጠው። ምክንያት ነበረው፤ ነባሩ ያልነበሩት ብዙ ጥሩ ነገሮች አዲሱ ላይ ነበሩ። ሆኖም የጂሲሲ አስተባባሪ ኮሚቴ በኦክቶበር 2000 መግለጫ አወጣ፤ 2.96 የሚባል ቨርዥን እንዳላወጣና ወደፊትም እንደማያወጣ አስታወቀ። ቸግሩ የስም ብቻ አልነበረም። በ2.96 የተሠሩ የሲ ፕላስ ፕላስ ፕሮግራሞች በ2.95 ከተሠሩትም፣ ሊመጣ ካለው 3.0ም ጋር አይስማሙም ነበር። ደራሲዎቹ ግራ መጋባቱን ለመቀነስ በእጃቸው ላለው ሥራ 2.97 የሚል ቁጥር ለመስጠት ተገደዱ። እውነተኛው 3.0 የወጣው በጁን 2001 ነው።

ከዚህ የምንማረው፣ አዘጋጅ ደራሲው ያላወጣውን ነገር ደራሲው እንዳወጣው አስመስሎ መሰየም እንደሌለበት ነው። በእኛ ሙያ ቢሆን፣ የአንድን ጸሐፊ ረቂቅ ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ በስሙ እንደማተም ነው።

ሁለተኛው ታሪክ የተገላቢጦሽ ነው። ኬዲኢ የሚባለው የሊኑክስ ዴስክቶፕ በጃንዋሪ 2008 4.0 የተባለ ቨርዥን አወጣ። ቁጥሩ የተጠናቀቀ ሥራ ቁጥር ነው፤ ሥራው ግን ገና ብዙ ይቀረው ነበር። ደራሲዎቹ ይህ መነሻ እንጂ የሁሉም ሰው መገልገያ እንዳልሆነ ተናግረዋል። ግን 4.0 የሚለውን ያየ ተጠቃሚ ማሳሰቢያውን የት ያነባል? በዚያው ዓመት ሜይ ላይ የወጣው ፌዶራ 9 ነባሩን ኬዲኢ 3.5 አንስቶ በ4.0 ተካው። በጁን የወጣው ኦፕን ሱሴ 11.0 ግን ሁለቱንም አቅርቦ ምርጫውን ለተጠቃሚው ተወ። ቅሬታው ብዙ ነበር። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ ሳይቀር ኬዲኢን ትቶ ወደ ግኖም መዞሩን በ2009 መጀመሪያ ላይ ተናግሯል።

በዚህኛው ጥፋቱ የአንድ ወገን ብቻ አይደለም። ደራሲው ጉሹን በጠላ ዋንጫ አቀረበ። አንዳንዱ አዘጋጅም ዋንጫውን አይቶ ሳይቀምስ አሳለፈ። ኦፕን ሱሴ የመረጠው መንገድ፣ ማለትም ነባሩን ሳይነጥቁ አዲሱን በጎን ማስቀመጥ፣ ተጠቃሚውን ከመንገላታት ያድናል።

አምስት ደንቦች

ከላብ ኃላፊው ጋር ለብዙ ቅዳሜዎች ተቀምጬ ከተማርኩት ለአንባቢ ይጠቅማል ያልኩትን በአምስት ደንብ ጠቅልዬዋለሁ።

አንደኛ፣ ቁጥሩን በትክክል መጻፍ። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ አይደለም። ኮምፒዩተር «ቤታ» የሚለውን ቃል ትርጉም አያውቅም፤ የሚያውቀው የቱ ቁጥር ከየትኛው እንደሚበልጥ ብቻ ነው። በዴቢያን አንድ አዘጋጅ የፓኬጁን ቁጥር «2.0ቤታ1» ብሎ ቢጽፍ ኮምፒዩተሩ ከ2.0 በኋላ ተጨማሪ ፊደል ስላየ ይህ ከ2.0 ይበልጣል ብሎ ይወስናል። ታዲያ ዋናው 2.0 ሲወጣ ቤታውን የጫነ ሰው አፕዴቱ አይደርሰውም። ኮምፒዩተሩ «የተሻለው በእጄ አለ» ብሎ ይቀመጣል፤ ሰውዬው ጉሹን እየጠጣ ይኖራል። መፍትሔው አንዲት የሞገድ ምልክት ናት፤ «2.0~ቤታ1» ተብሎ ይጻፋል። ይህች ምልክት ያለችበት ቁጥር ምልክቷ ከሌለችበት ከባዶው ቁጥር እንኳ ያንሳል ተብሎ ተደንግጓል። ስለዚህ ~ቤታ1 ከ~ቤታ2፣ ~ቤታ2 ከ~አርሲ1፣ ሁሉም ከ2.0 በታች ይሰለፋሉ። ፌዶራም ይህንኑ ምልክት ይጠቀማል። ተሳስቶ የጻፈ አዘጋጅ በቁጥሩ ፊት «ኢፖክ» የሚባል ተጨማሪ ቁጥር አስገብቶ ሊያስተካክል ይችላል፤ ግን ኢፖክ አንዴ ከገባ በኋላ መልሶ ማንሣት አይቻልም፤ ፓኬጁ እስካለ ድረስ አብሮት ይኖራል።

ሁለተኛ፣ ጉሹን በራሱ ዕቃ ማስቀመጥ። ዴቢያን ለዚህ የተለያዩ ማጀቶች አሉት። «ኤክስፐሪመንታል» የሚባለው ለጥንስስና ለድፍድፍ ነው። እዚያ የገባ ፓኬጅ ተጠቃሚው ራሱ ስሙን ጠርቶ ካላመጣው በስተቀር በአፕዴት ሰበብ ወደ ኮምፒዩተሩ አይገባም። ቀጥሎ «አንስቴብል» አለ። የቤት ስሙ ሲድ ነው፤ «ቶይ ስቶሪ» በተባለው ፊልም ላይ አሻንጉሊት እየሰባበረ የሚያስቸግረው ልጅ ስም ነው። ከሲድ ወደ «ቴስቲንግ» ለማለፍ ፓኬጁ እንደ አጣዳፊነቱ ሁለት፣ አምስት ወይም አሥር ቀን መቆየትና አዲስ ከባድ እንከን እንዳላመጣ መታየት አለበት። በመጨረሻ ቴስቲንግ ተቆልፎ ተጣርቶ «ስቴብል» ይሆናል፤ ጠላው ያ ነው።

ይህን ገበሬ ያውቀዋል። ቁንጮ የተባለው የጤፍ ዝርያ እ.ኤ.አ. በ2006 ከደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ይፋ ከመሆኑ በፊት በሙከራ መሬት ላይ ተፈትኗል። ይፋ ከሆነም በኋላ የጎዛምን ገበሬ አዲስ ዘር ሲያገኝ ማሳውን በሙሉ አይዘራበትም፤ ጥግ ላይ ይሞክረዋል። እኔ አምና ያደረግሁት ማሳውን በሙሉ መዝራት ነበር።

ሦስተኛ፣ ሌሎች የሚደገፉበት ከሆነ እጥፍ መጠንቀቅ። የጨዋታ ፕሮግራም ቢበላሽ የሚጎዳው ተጫዋቹ ነው። ሌሎች ፕሮግራሞች የሚደገፉበት ላይብረሪ ወይም ኮምፓይለር ቢበላሽ ግን ከሥሩ ያለው ሁሉ ይንጋደዳል፤ የ2.96 ታሪክ ይህንኑ ነው የሚያሳየው። እንዲህ ያለውን ጉሽ አዘጋጁ ቢያንስ ከኤክስፐሪመንታል ሳያወጣ የሚደገፉበትን ፓኬጆች አዘጋጆች አስቀድሞ ሊያማክር ይገባል።

አራተኛ፣ መመለሻ መንገዱን አስቀድሞ ማሰብ። አዲስ ቨርዥን የተጠቃሚውን ፋይል ወደ አዲስ አቀማመጥ ይለውጥ ይሆናል፤ ነባሩ ቨርዥን ደግሞ ያን ላያነበው ይችላል። በዴቢያን ወደ ኋላ መመለስ ዋስትና የሌለው ነገር ነው። ስለዚህ አዘጋጁ ጉሹን ከመስጠቱ በፊት «ይህ ሰው ቢቸገር ወዴት ይሄዳል?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

ታዲያ ጉሽ ለሁሉም የሚሰጥበት ጊዜ ጨርሶ የለም ማለት አይደለም። ኡቡንቱ 8.04 በኤፕሪል 2008 ሲወጣ የያዘው የድረ ገጽ ማሰሻ ፋየርፎክስ 3 ቤታ 5 ነበር። ኡቡንቱ 8.04 በዴስክቶፕ ላይ ለሦስት ዓመት እንክብካቤ የሚደረግለት ቨርዥን ነበር፤ ፋየርፎክስ 2ን ይዞ ቢወጣ ዕድሜው ያለቀ ማሰሻ ይዞ መቅረቱ ነው። ዋናው ፋየርፎክስ 3 ደግሞ ቅርብ ነበር፤ በጁን 17፣ 2008 ወጣ፤ ለተጠቃሚዎቹም በአፕዴት ደረሳቸው። እዚህ ላይ ጉሹን መስጠት ያስቻለው ሦስት ነገር ነው፦ ነባሩን መያዝ የባሰ ጉዳት ነበረው፤ የሚጠራበት ጊዜ የተቃረበ ነበር፤ ጠላው ሲደርስ የሚደርስበት መንገድ ተዘጋጅቷል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ግን መጠበቅ ይሻላል።

አምስተኛ፣ የመጣውን አቤቱታ ለደራሲው ማድረስ። ቀማሽ ጠርቶ አስተያየቱን አለመስማት ምን ዋጋ አለው? አዘጋጁ የተጠቃሚውን ቅሬታ ይቀበላል፤ ጥፋቱ የጥቅሉ ከሆነ ራሱ ያርመዋል፤ የደራሲው ከሆነ አጥርቶ ያስተላልፋል። «አይሠራም» የሚል ቅሬታ ማንንም አይረዳም። የትኛው ቨርዥን፣ ምን ሲደረግ፣ ምን ተጠብቆ ምን ሆነ? ይህ ሁሉ ሊገለጽ ይገባል። የዜና አጻጻፍ መምህራችን «ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምንና እንዴት» የሚሉትን ጥያቄዎች ሲያስተምሩን ለዚህም እንደሚሆን አላወቅሁም ነበር።

ቀማሽ ካለ ምን ይገኛል?

«ይህ ሁሉ ማጀትና ማጣሪያ ሥራ ማብዛት ነው» የሚል አይጠፋም። መልሱን ማርች 29፣ 2024 ላይ ዓለም አይቶታል። ኤክስ ዜድ የሚባል፣ ፋይል አጥብቆ ለማሳነስ የሚያገለግል ፕሮግራም አለ። በ5.6.0 እና በ5.6.1 ቨርዥኖቹ ውስጥ በድብቅ የገባ የጓሮ በር ተገኘ። ያስገባው ሰው ከሁለት ዓመት በላይ እየተባበረ አመኔታ አትርፎ በፕሮጀክቱ ውስጥ ሥልጣን ያገኘ ነበር። ልብ በሉ፤ እነዚህ ቨርዥኖች ቤታ አልነበሩም፤ ከደራሲው በኩል «ተጠናቅቋል» ተብለው የወጡ ናቸው። አዘጋጆቹ ግን እንደ ልማዳቸው መጀመሪያ ያስገቧቸው ወደ ሙከራ ማጀቶቻቸው ነው፤ በዴቢያን ወደ ሲድና ቴስቲንግ፣ በፌዶራም ወደ ሙከራ ቨርዥኖቹ።

አንድረስ ፍሮይንድ የተባለ ፕሮግራመር ሲድን በሚጠቀም ኮምፒዩተሩ ላይ ሌላ ሥራ ሲሠራ ከርቀት የመግቢያው ፕሮግራም በግማሽ ሰኮንድ ያህል እንደዘገየ አስተዋለ። ግማሽ ሰኮንድ! ቸል ሊለው ይችል ነበር፤ ግን መነሻውን ተከትሎ ሄዶ የጓሮውን በር አገኘው፤ አግኝቶም ዝም አላለም፣ ለሁሉም አሳወቀ። የዴቢያን ስቴብል ተጠቃሚ አልተነካም። የተጣራው ማጀት የዳነው ከፊቱ ማጀት ስለነበረ፣ በዚያም ማጀት ቀምሶ የሚናገር ሰው ስለተገኘ ነው።

የእኛን ፊደል ማን ይቅመስልን?

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። ፍሮይንድ ያየው መዘግየት በየትኛውም አገር ያለ ባለሙያ ሊያየው የሚችል ነው። አራት ነጥብ በመስመር መጀመሪያ ላይ ሲቀመጥ ግን ማን ያየዋል? ፕሮግራሙ አይዘጋም፤ ማስጠንቀቂያም አይሰጥም። አማርኛ ለማያነብ ደራሲ ገጹ ሁሉ ትክክል ይመስለዋል። ፓኬጁን የሚያዘጋጀው ሰውም እንዲሁ። በግዕዝ ፊደል ላይ የሚመጣን እንከን የሚያየው በግዕዝ ፊደል የሚያነብ ሰው ብቻ ነው። እኛ ጉሹን ካልቀመስን እንከኑ ከነሕይወቱ ወደ ጠላው ይገባል፤ ከዚያም በየፎቶ ኮፒ ቤቱ እናገኘዋለን።

ሲዘገይ ምን እንደሚሆን ከራሳችን ፊደል ታሪክ ማየት ይቻላል። ቀድሞ እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር ለፊደሎቹ የራሱን ቁጥር ይሰጥ ስለነበር በአንዱ የተጻፈው በሌላው አይነበብም ነበር። ዩኒኮድ በ3.0 ቨርዥኑ እ.ኤ.አ. በ1999 ለ345 የግዕዝ ፊደላትና ምልክቶች የጋራ ቁጥር ሰጠ። በመጀመሪያው ዙር ያልገቡት፣ ለምሳሌ ለሰባት ቤት ጉራጌ የሚያስፈልጉ ፊደላት፣ እስከ ዩኒኮድ 4.1፣ ማለትም እስከ 2005 ጠበቁ። የጎጃም የአብነት ተማሪ የሚያውቃቸው ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደትና ቁርጥ የተባሉት የዜማ ምልክቶችም የገቡት በዚያው ዓመት ነው። ስድስት ዓመት ያህል መሆኑ ነው። በዩኒኮድ አንድ ጊዜ ለፊደል የተሰጠ ቁጥርና ስም ደግሞ በኋላ አይለወጥም። ስለዚህ እያንዳንዱ አዲስ ቨርዥን ከመጽደቁ በፊት ረቂቁ ለአስተያየት ክፍት ይደረጋል፤ የሚናገር ሰው መናገር ያለበት ያኔ ነው።

በጎ ምሳሌም አለ። ዴቢያን በፌብሩዋሪ 2009 ሌኒ የተባለውን 5.0 ቨርዥን ሲያወጣ የመጫኛ ፕሮግራሙ ከሚናገራቸው አዳዲስ ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነበር። ይህ የበጎ ፈቃድ ተርጓሚዎች ሥራ ነው። ተርጓሚም እንደ ቀማሽ ጊዜው ከመውጫው በፊት ነው፤ ቨርዥኑ ከተቆለፈ በኋላ የመጣ ትርጉም የሚቀጥለውን መጠበቅ አለበት።

እንግዲህ እኛ ምን እናድርግ? ፕሮግራመር መሆን አይጠበቅብንም። ማንበብና መጻፍ እንችላለን፤ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ይኸው ነው። ኡቡንቱ በየስድስት ወሩ፣ በፈረንጆቹ ኤፕሪልና ኦክቶበር አዲስ ቨርዥን ያወጣል፤ ቤታውም ከዚያ ጥቂት ሳምንት ቀደም ብሎ ይወጣል። ሊብረ ኦፊስም ቤታውን ከነባሩ ጎን ለብቻው እንዲጫን አድርጎ ነው የሚያቀርበው፤ ነባሩን ማጥፋት አያስፈልግም። እኔ በዚህ ሴሚስተር የምጠቀምበት መፈተሻ ይህ ነው፤ ሩብ ሰዓት አይፈጅም።

1. ከሀ እስከ ፐ ያለውን ገበታ፣ እንደ ቋ፣ ኋ፣ ኳ፣ ጓ ያሉትን ፊደሎችና ከ፩ እስከ ፼ ያሉትን ቁጥሮች ከፍቶ ባዶ ሳጥን መኖር አለመኖሩን ማየት።

2. ረጅም አንቀጽ ጽፎ የገጹን ስፋት ማጥበብና ማስፋት፤ አራት ነጥብ፣ ነጠላ ሰረዝና ድርብ ሰረዝ ከቃላቸው ተለይተው ወደ ሚቀጥለው መስመር መውረድ የለባቸውም።

3. በፍጥነት መተየብ፤ ፊደል እየተዋጠ ወይም እየተደገመ እንደሆነ መመልከት።

4. ከጽሑፉ ውስጥ አንድ ቃል መፈለግ፤ መገኘቱን ማረጋገጥ።

5. ፒዲኤፍ ማድረግ፤ ከፒዲኤፉ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ቀድቶ ሌላ ቦታ ሲለጥፉት ሳይለወጥ መምጣቱን ማየት።

6. ፋይሉን አስቀምጦ በነባሩ ቨርዥን መክፈት። አምና ይህችን አንድ ፍተሻ አድርጌ ቢሆን ኖሮ ሌሊቱን ተኝቼ ባደርኩ ነበር።

ይህን ሁሉ ስናደርግ የምንሠራበት ጽሑፍ የሙከራ መሆን አለበት፤ የመመረቂያ ጽሑፍ በጉሽ ላይ አይጻፍም። እንከን ስናገኝ ደግሞ የቨርዥኑን ቁጥር፣ ያደረግነውንና ያየነውን ጽፈን፣ የስክሪኑን ፎቶ አያይዘን ለፓኬጁ አዘጋጅ እንልካለን። በተሰበረ እንግሊዝኛም ቢሆን ይበቃል፤ ፎቶው ይናገራል።

ማጠቃለያ

የሙከራ ቨርዥን አያያዝ የባለሙያ ምስጢር ይመስለኝ ነበር። ተመልሼ ሳየው የታማኝነት ጉዳይ ነው። አዘጋጁ ጉሹን ጉሽ ብሎ መሰየም፣ ለፈቀደ ብቻ መስጠት፣ መመለሻውን ማዘጋጀትና አቤቱታውን መስማት አለበት። ተጠቃሚውም ድርሻ አለው፤ የተጻፈለትን ማስጠንቀቂያ ማንበብና ያየውን መናገር። እኔ አምና ሁለቱንም አላደረግሁም።

ባለፈው ወር ያንኑ ፕሮግራም አዲስ አርሲ በላብ ውስጥ በተለየ ኮምፒዩተር ላይ ጭነን ስድስቱን ፍተሻዎች አደረግን። አራት ነጥቡ አሁንም ከቃሉ ተለይቶ ይወርዳል። አንድ ዓመት ሙሉ እንደዚያው ነበር ማለት ነው፤ እኔ ዝም ስላልኩ፣ እንደ እኔ ያየውም ምናልባት ዝም ስላለ። በዚያው ቀን ከሁለት ፎቶ ጋር ጽፈን ላክን። የላብ ኃላፊው ከትከሻዬ በላይ እያነበቡ «መቼ፣ የት፣ እንዴት የሚለው ሁሉ አለበት?» አሉኝ።

«አለበት፣ ጋሼ» አልኳቸው።

መልሱ ሲመጣ በሚቀጥለው እትም እነግራችኋለሁ። መቅመስ የምትፈልጉ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ላብ ውስጥ አለን። ቸር እንሰንብት።